ፈጣኑ ኮምፒውተር ለምን ያረፍዳል?

አዲስ አበባ ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሲኤንሲ ራውተር ኤምዲኤፍ ላይ የበር አበባ ሲቀርጽ እናስብ። ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር 2,000 ምት ይፈልጋል፤ ብሎኑ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ለአንድ ሚሊ ሜትር 400 ምት መላክ አለበት ማለት ነው። መቅረጫው ቢት በደቂቃ 3 ሜትር ሲሄድ ኮምፒውተሩ በፓራለል ፖርቱ በኩል በሰከንድ 20,000 ምት ይልካል፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለችው ጊዜ 50 ማይክሮሰከንድ ብቻ ናት። ባለ 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት ውስጥ 150,000 ዑደት ያገኛል። ለእሱ ይህ ሥራ አይባልም። ግን አንዳንዴ፣ ምናልባት በሩብ ሰዓት አንዴ፣ ምቱ 300 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። ስድስት ምት ሊላክበት የሚችል ጊዜ በዝምታ ያልፋል። ሞተሩ ይደናበርና ስቴፕ ይዘላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ በዚያችው ልክ ወደ ጎን ተንሸራቶ ይቀጥላል። ማሽኑ አይጮህም፣ ስክሪኑም ላይ ምንም አይጻፍም። ባለቤቱ የሚያውቀው ቅጠሉ ከግንዱ ተለይቶ ሲያየው ነው። «ትናንት እኮ በደንብ ሲሠራ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሲሠራ ነበር።

ለቢሮ፣ ለሰርቨርና ለስልክ ተብሎ የተሠራ ከርነል፣ ማለትም እንደ ሊኑክስ ያለ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ እንዴት ቢሰናዳ ነው ሰዓት አክባሪ የሚሆነው? ይህ ጥያቄ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰዎችን 30 ዓመት ገደማ አከራክሯል። የራሴን ድምዳሜ ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዛሬ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ከርነሉን ማሰናዳት ነው። ከባዱ፣ ከርነሉ የተቀመጠበትን ማሽን ጠባይ ማወቅና ሳይሰለቹ መለካት ነው። አብዛኛው ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ በሚገባበት እንደ እኛ ባለ ገበያ ደግሞ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

የመደበኛ ከርነልን ጠባይ ለመረዳት የላምበረት መናኸሪያ ይበቃል። ሚኒባሱ የሚወጣው ሲሞላ ነው። ለባለ ንብረቱ ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ነዳጅ በባዶ ወንበር አይቃጠልም፣ ማታ ሲቆጠር የተጓዘው ሰው ይበዛል። ደብረ ብርሃን በ4 ሰዓት ቀጠሮ ላለው መንገደኛ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። መኪናው በአማካይ በ20 ደቂቃ ይሞላል መባሉ ምንም አያደርግለትም፤ እሱ ማወቅ የሚፈልገው በጣም ቢዘገይ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ነው። መደበኛው ከርነል የኔትወርክ ፓኬቶችን፣ ዲስክ ላይ የሚጻፈውን፣ ሰዓት ቆጣሪዎቹንም ጭምር እያጠራቀመ በአንድ ላይ ማስኬድ ይወዳል። በዚህ የተነሳ በሰከንድ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ሪል ታይም የሚባለው ይህንን ትርፍ በከፊል ትቶ ለመጨረሻው መዘግየት ጣሪያ ማበጀት ነው። ስለዚህ ሪል ታይም ከርነል ፈጣን ከርነል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ዝግ ይላል። ኮምፒውተሬ ይፍጠንልኝ ብሎ የሚጭነው ሰው ያዝናል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሊኑክስን ማስተካከል ሳይሆን ከሥሩ ሌላ ነገር ማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪክተር ዮዳይከንና ማይክል ባራባኖቭ ኒው ሜክሲኮ ቴክ ውስጥ አርቲሊኑክስን ሠሩ፦ ትንሽ ሪል ታይም ከርነል ሃርድዌሩን ይይዛል፣ ሊኑክስ ራሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ሲጠፋ ብቻ ተራ የሚደርሰው ሆኖ ከላዩ ይሮጣል። በዚያው ሐሳብ የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ሰዎች አርታይን አመጡ፣ ዜኖማይም ተከተለ። ዘዴው ይሠራል፤ የመዘግየት ቁጥሮቹ ዛሬም የሚያስቀኑ ናቸው። ችግሩ ሰዉ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለዚያ ለትንሹ ከርነል ተብሎ ለብቻው ይጻፋል፣ ድራይቨሩም እንደዚሁ። አዲስ ኮምፒውተር በመጣ ቁጥር ሊኑክስን ለዚህ የሚያመቻቸው ተጨማሪ ኮድ፣ ፓቹ፣ ወደ ኋላ ይቀራል። ሊኑክስሲኤንሲ የተባለው የማሽን መቆጣጠሪያ፣ መነሻው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጀመረው ፕሮጀክት የሆነው፣ ለዓመታት የኖረው በአርታይ ላይ ነው። በየአገሩ ወርክሾፕ ውስጥ እስከ ዛሬ በኡቡንቱ 10.04 የሚሠሩ አሮጌ ማሽኖች የሚገኙት ለዚህ ነው። ባለቤቶቹን አልፈርድባቸውም፤ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል?

ሁለተኛው መንገድ ሊኑክስን ራሱን መለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንጎ ሞልናር የጀመረው፣ ቶማስ ግላይክስነር፣ ስቲቨን ሮስቴድና ሌሎችም የተሸከሙት ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው ፓች 20 ዓመት ፈጀ። ወደ ዋናው ከርነል የገባው በአንዴ ሳይሆን ቁርጥራጭ እየሆነ ነው። በ2006 በ2.6.16 ትክክለኛ ሰዓት ቆጣሪዎቹ ገቡ፣ በ2009 በ2.6.30 ኢንተራፕትን (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ወደ ትሬድ፣ ማለትም ተራ ወደሚጠብቅ ሥራ፣ የመቀየር ዘዴ፣ በ2021 በ5.15 የመቆለፊያዎቹ ልብ። የቀረችው መሰናክል፣ የሚገርመው፣ ከርነሉ መልእክት የሚጽፍበት ፕሪንትኬ የተባለው ተራ የሚመስል ክፍል ነበረች። በመስከረም 2024 ቪየና ላይ ግላይክስነር የመጨረሻውን ክፍል ወደ ከርነሉ የማስገባት ጥያቄ በወረቀት አትሞ፣ በወርቃማ መጠቅለያ ጠቅልሎ ለሊኑክስ ፈጣሪ ለሊኑስ ቶርቫልድስ ሰጠው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወጣው ሊኑክስ 6.12 ከርነሉን ያለ ምንም የውጭ ፓች፣ አንድ አማራጭ በመምረጥ ብቻ ሪል ታይም ማድረግ አስቻለ፤ ለኢንቴልና ኤኤምዲ ባለ 64 ቢት፣ ለአርም 64 እና ለሪስክ ፋይቭ። የሁለቱ ጎራዎች ክርክር ለኔ በዚያን ቀን ተቋጭቷል። ዜኖማይን ዛሬ እንደ አዲስ የሚመርጥ ሰው በጣም የተለየ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ፓቹ ውስጡ ምን ያደርጋል? መደበኛ ከርነል አንዳንድ ሥራ ከጀመረ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም፤ መቆለፊያ ይዞ ሲሽከረከር ወይም ኢንተራፕት ሲያስተናግድ የእርስዎ አስቸኳይ ፕሮግራም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አርቲ መቆለፊያዎቹን አብዛኞቹን ሊያንቀላፉና ሊቋረጡ በሚችሉ ይተካል፤ ኢንተራፕቶቹን ደግሞ የየራሳቸው ቅድሚያ ያላቸው ትሬዶች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የዲስኩ ጉዳይ ከሞተሩ ጉዳይ ያንሳል ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛው ነገር ቅድሚያን ማውረስ ነው፤ የእሱን ጥቅም ማርስ ላይ የሆነው ከምንም በላይ ያስረዳል።

ሐምሌ 4 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር መንኮራኩር ከቀናት በኋላ ራሷን እያጠፋች እንደገና መነሳት ጀመረች። የምትሠራው በቪኤክስወርክስ፣ ማለትም ለዚሁ ዓላማ በተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ጠባይ መረጃ ሰብሳቢ ሥራ የጋራውን የመረጃ መስመር መቆለፊያ ይይዛል። ከፍተኛው፣ መስመሩን የሚያስተዳድረው ሥራ፣ ያንኑ መቆለፊያ ይጠብቃል። በዚህ መካከል፣ መቆለፊያው ጨርሶ የማይመለከታቸው መካከለኛ ሥራዎች ይመጡና ዝቅተኛውን ገፍተው ፕሮሰሰሩን ይይዛሉ። ዝቅተኛው ካልሮጠ መቆለፊያውን አይለቅም፤ እሱ ካልለቀቀ ከፍተኛው አይንቀሳቀስም። ጠባቂው ሰዓት ከፍተኛው ሥራ በጊዜው አለመሮጡን አይቶ ሁሉን ነገር እንደገና ያስጀምራል። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ በቀረችው አምሳያ ችግሩን አስነስተው አገኙት። መድኃኒቱ ለዚያ መቆለፊያ ጠፍቶ የነበረን አንድ አማራጭ ማብራት ነበር፦ መቆለፊያ የያዘ ዝቅተኛ ሥራ፣ የሚጠብቀው ከፍተኛ ሥራ ካለ፣ የእሱን ቅድሚያ ለጊዜው ይውረስ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆችኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ጽፈውታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለሪል ታይም የተሠራ ሲስተም እንኳ በአንድ ያልተነካ ማብሪያ ምክንያት ያረፍዳል። ዛሬ በአርቲ ሊኑክስ ውስጥ ከርነሉ ራሱ የሚይዛቸው መቆለፊያዎች ቅድሚያን ያወርሳሉ። የእርስዎ ፕሮግራም የሚይዛቸው ግን እንዲያወርሱ ሆነው ካልተፈጠሩ አያወርሱም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው።

ወደ ማሰናዳቱ እንምጣ። ዴብያን ላይ የአርቲ ከርነል እንደ ማንኛውም ፓኬጅ ይጫናል፤ ኡቡንቱ ለ22.04 እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በፕሮ አገልግሎቱ ያቀርባል። ከርነል ቁጭ ብሎ ኮምፓይል ማድረግ ለመማር ጥሩ ነው፤ ለሥራ ቤት ግን ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ብዙ የድሮ መመሪያዎች የከርነሉን ምት ከ250 ወደ 1000 ኸርዝ ከፍ ማድረግን እንደ ዋና ነገር ያነሱታል። ትክክለኛ ሰዓት ቆጣሪዎቹ ከገቡ ወዲህ ይህ ቁጥር ለሪል ታይም ሥራ ያለው ፋይዳ ትንሽ ነው፤ ዝለሉት።

የማይዘለለው ኮር መለየት ነው። በቡት መስመር ላይ አይሶልሲፒዩስ በሚባለው ማዘዣ አንድ ወይም ሁለት ኮር ከስኬጁለሩ ተራ ድልድል ይወጣል፤ ማንም ሳይታዘዝ እዚያ አይገባም። ኖኸዝ ፉል የተባለው ደግሞ እዚያ ኮር ላይ አንድ ሥራ ብቻውን ሲሮጥ የከርነሉን መደበኛ ምት ያቆማል፤ አርሲዩ ኖሲቢስ የከርነሉን የጽዳት ሥራ ወደ ሌሎቹ ኮሮች ያዛውራል፤ ኢንተራፕቶቹንም በአይአርኪው አፊኒቲ ወደዚያው ማራቅ ይቻላል። ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ ይህ ድንቅ ሆኖ ይሠራል። ሃይፐርትሬዲንግ ካለ ግን ልብ ይበሉ፤ ሁለት የሚመስሉት ኮሮች አንድ አካል ስለሆኑ አንዱን ለይቶ መንትያውን ለብሮውዘር መተው ምንም እንዳላደረጉ ያህል ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይሻላል።

ቅድሚያ ላይ ያለው ስሕተት የተለመደ ነው። የሪል ታይም ቅድሚያ ከ1 እስከ 99 ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ የራሱን ፕሮግራም 99 ላይ መስቀል ይፈልጋል። እዚያ ከፍታ ላይ የከርነሉ የራሱ አስፈላጊ ትሬዶች አሉ፤ እነሱን ማፈን ማሽኑን ማፈን ነው። ኢንተራፕት ትሬዶች ሳይነኩ 50 ላይ ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙን 80 ላይ አድርጎ፣ የሚያስፈልገው ካርድ ኢንተራፕት ካለ እሱንም ከዲስኩና ከዩኤስቢው በላይ ከፍ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከርነሉ በነባር ልኩ የሪል ታይም ሥራዎች በ1 ሰከንድ ውስጥ ከ950 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይወስዱ ያግዳል፤ ፕሮግራም ቢያብድ የቀረችው 50 ሚሊሰከንድ ኪቦርዱን ታድናለች። ይህን ገደብ ማንሳት የሚመክሩ አሉ። ፕሮግራሙ ሥራውን ሠርቶ የሚያንቀላፋ ከሆነ ገደቡ ላይ ፈጽሞ አይደርስም፤ ከደረሰም በሽታው ሌላ ነው።

ማህደረ ትውስታው በአጭሩ፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ ኤምሎክኦል ብሎ የያዘውን ሁሉ ራም ላይ ይቸንክር፣ የሚያስፈልገውን ቦታ አስቀድሞ ይንካው፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አዲስ ቦታ አይጠይቅ። ወደ ዲስክ የወጣ ገጽ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው፤ ለ50 ማይክሮሰከንድ ቀጠሮ ይህ ዘላለም ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከርነሉ የሚያየውን ዓለም ነው። አሁን ከርነሉ ወደማያየው እንግባ። እያንዳንዱ የኢንቴል ዓይነት ኮምፒውተር ውስጥ ኤስኤምአይ የሚባል ኢንተራፕት አለ። ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ባለበት ጥሎ የማዘርቦርዱን ፈርምዌር ያስኬዳል፤ ማራገቢያውን ይቆጣጠራል፣ ሙቀት ይለካል፣ የድሮ ዓይነት ኪቦርድ ለማስመሰል ዩኤስቢውን ያያል። ሲጨርስ ይመለሳል። ከርነሉ ከዚህ ውስጥ ምንም አላየም፤ ሰዓቱ ብቻ ዘሏል። የፈለገ ዓይነት ፓች፣ የፈለገ ዓይነት ቅድሚያ ይህን አይከለክልም። ኮምፒውተሩን የሠራው ፋብሪካ ለቢሮ አስቦ ስለሠራው 300 ማይክሮሰከንድ ማባከን ለእሱ ነውር አይደለም። በዚህ ላይ የኃይል ቁጠባው አለ፦ ሥራ ሲፈታ ጥልቅ እንቅልፍ የሚተኛ ፕሮሰሰር ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግም እንደዚሁ።

መገናኛ ካሉት የኮምፒውተር መሸጫዎች ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ማሽን ላይ መግጠም በራሱ መጥፎ ምርጫ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ አሮጌ ዴል ከአዲስ ላፕቶፕ የተሻለ ሰዓት አክባሪ ነው። ችግሩ ከመልኩ መለየት አለመቻሉ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ ሞዴሎች በባዮስ ሥሪታቸው ብቻ ይለያያሉ። ስለዚህ ሻጩን ራምና ሲፒዩ ከመጠየቅ በፊት ሊኑክስሲኤንሲ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ሄዶ፣ እዚያው አስነስቶ የመዘግየት ሙከራውን ማስኬድ ይሻላል። የፕሮጀክቱ ሰነድ መመዘኛ ይሰጣል፦ ትልቁ መዘግየት ከ15 እስከ 20 ማይክሮሰከንድ ካልበለጠ ምቱን ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ለመላክ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ30 እስከ 50 ከሆነ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ይሠራል፤ 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከ1 ሚሊሰከንድ ካለፈ ለማሽን ጨርሶ አይታሰብ። ከመግዛት በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ የሲ ስቴት እንቅልፎችን፣ የፍጥነት መቀያየሪያውንና የዩኤስቢ ሌጋሲ የሚለውን አጥፍቶ እንደገና መለካት ይገባል። ሻጩ ግራ ሊገባው ይችላል፤ ሻይ ይጋበዝ።

ላፕቶፕን ከዚህ ሥራ አስወጡት። መብራት ጠፍቶ ወደ ባትሪ በዞረበት ቅጽበት ፈርምዌሩ ባለቤቱን ሳያማክር ሌላ ጠባይ ይይዛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሆን ነዋሪው ያውቀዋል።

ስለ መለካቱ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሳይክሊክቴስት የሚባለው፣ ግላይክስነር የጻፈው መሣሪያ፣ «በዚህች ቅጽበት ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛና ሲነቃ ምን ያህል እንዳረፈደ ይመዘግባል። ሰው አምስት ደቂቃ ያስኬደውና ትልቁ መዘግየት 12 ማይክሮሰከንድ ነው ብሎ ይደሰታል። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚነሳ ሥራ ላይ «በሚሊዮን አንዴ» የሚያጋጥም ብልሽት በየ16 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ ይመጣል ማለት ነው፤ በቀን 86 ጊዜ። የአምስት ደቂቃው ሙከራ ምናልባት አንዱንም አያገኘውም፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው የበር ቅርጽ ግን አሥሩን ያገኛቸዋል። ማሽኑን አድሮ ማስኬድ ያስፈልጋል፣ ያውም ሥራ ፈቶ ሳይሆን እየታመሰ፦ ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ፣ ቪዲዮ እየታየ፣ ኔትወርኩ እየተጨናነቀ። ግራፊክስ ካርዱ የተደበቀ አመል ካለው መስኮት እየጎተቱ ስክሪኑን ማስጨነቅ ያወጣዋል። የኤንቪዲያ የራሱ ዝግ ድራይቨር አርቲ ከርነልን በይፋ ስለማይደግፍ በዚህ ጉዳይ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣውን ግራፊክስ እመርጣለሁ።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ይቻላል። ኤችደብሊውላትዲቴክት የተባለው ኢንተራፕቶችን ዘግቶ ሰዓት ብቻ እያየ ይሽከረከራል፤ ክፍተት ካገኘ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውጪ የመጣ ነው፣ ፈርምዌር ማለት ነው። ከርነሉ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከ5.14 ጀምሮ የገቡት ኦስኖይዝና ታይመርላት፣ ዳንየል ብሪስቶት ደ ኦሊቬይራ የሠራቸው፣ የትኛው ሥራ ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሰረቀ በስሙ ይጠሩታል። ኦሊቬይራ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓቹ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ሳያይ አረፈ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ቁጥሩ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ስቴፕ የሚዘል ማሽን ካለ ከርነሉን ተዉት። የምት ገመዱ ከስፒንድሉ ገመድ ጋር ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ግራውንዱ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፣ ጄኔሬተሩ ያልተስተካከለ ኃይል እየላከ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌር ላይ ብዙ ቀን ከማለቅ አንድ ሜትር የተከለለ ገመድ መሞከር ይቀላል።

እዚህ ላይ ዳሰሳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። ምቱን ኮምፒውተሩ ለምን ይቁጠር? አርዱይኖ ላይ ያለው ባለ 16 ሜጋኸርዝ ቺፕ፣ ከዴስክቶፑ ወደ 200 እጥፍ የዘገየው፣ ጂአርቢኤል የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ሳይዛነፍ ይልካል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለውም፤ የሚያቋርጠው ማራገቢያ፣ የሚያስተናግደው ብሮውዘር የለውም። ክሊፐር የሚባለው የ3ዲ ፕሪንተር ሶፍትዌር ሥራውን ለሁለት ይከፍላል፦ ሒሳቡን ተራ ሊኑክስ ይሠራል፣ ሰዓቱን ማይክሮኮንትሮለሩ ይጠብቃል። ሊኑክስሲኤንሲም ሜሳ ከተባሉት ካርዶች ጋር ሲሆን ምቱን ካርዱ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ በየ1 ሚሊሰከንዱ ቦታና ፍጥነት ብቻ ይነግረዋል። በዚህ ጊዜ የ300 ማይክሮሰከንድ መዘግየት ምርት አያበላሽም።

ለላምበረቱ ወርክሾፕ የምመክረው ይህንን ነው። የፓራለል ፖርት ዘመን አልፏል፤ ፖርቱ ራሱ ከአብዛኛው አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ጠፍቷል። ማይክሮሰከንዱን ለካርድ፣ ሚሊሰከንዱን ለአርቲ ሊኑክስ መስጠት ነው። ማሽኑን ባለበት የሚያቆመው ቀይ ቁልፍ ግን በሁለቱም በኩል አይለፍ፤ በቀጥታ ከኃይሉ ጋር በገመድ ይታሰር። የሰው እጅ የሚያተርፍ ነገር በየትኛውም ከርነል አይታመንም።

የሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ ነገሩ ይለዝባል። አዲስ አበባ ውስጥ አቀናባሪው ላፕቶፕ ላይ የተጫነ የክራር ወይም የፒያኖ ድምፅ በኪቦርድ ሲጫወት፣ 48 ኪሎኸርዝ ላይ 128 ናሙና የሚይዝ ቋት 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ቢያረፍድ የሚሰማው ጠቅ የምትል ድምፅ ናት፤ ቀረጻው ይደገማል እንጂ ምንም አይሰበርም። ለዚህ ሙሉ አርቲ አያስፈልግም። መደበኛው ከርነል በቡት መስመሩ ፕሪኤምፕት ፉል ተብሎ፣ ለተጠቃሚው የሪል ታይም ቅድሚያና ማህደረ ትውስታን የመቸንከር ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ ይበቃል። ዊንዶውስ ላይም ጥያቄው ያው ነው፤ ላተንሲሞን የሚባለው ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያው ወደ ዋይፋዩ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ቴሌኮም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያስጀመረው ዓይነት የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በተለመደው አሠራሩ ጊዜን የሚቆርጠው ግማሽ ሚሊሰከንድ እያደረገ ነው፤ በዚያች ግማሽ ውስጥ ካልደረሰ መረጃው ጠፋ። ይህን ሥራ ከልዩ ሃርድዌር አውርዶ በተራ ሰርቨር ላይ ለማስኬድ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ሩጫ ለአርቲ ሊኑክስ ትልቅ ገፊ ኃይል ሆኗል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 የግላይክስነርን ኩባንያ ሊኑትሮኒክስን መግዛቱም የዚያው ዓይነት ፍላጎት ምልክት ነው። የእኛ ወርክሾፖች ዛሬ በነፃ የሚጭኑት ከርነል በእነዚህ ሰዎች ገንዘብና ላብ የበሰለ ነው።

የቀረው ጉዳይ ዝማኔ ነው። የተለካው ማሽን የሚታመነው የተለካ ዕለት በነበረው ከርነል፣ ባዮስና ግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ አንዱ ሲቀየር ቁጥሩ ሁሉ ይሻራል። ራሱን የሚያዘምነውን አገልግሎት አጥፍቶ፣ የማሽኑን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቅሎ፣ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሁለት ፍላሽ መገልበጥ ግማሽ ቀን አይፈጅም። አንዱ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛው ከወርክሾፑ ውጪ፣ ከባለቤቱ ቤት ይደር፤ የሙከራው ውጤትም ከነቀኑ፣ ከነከርነሉ ቁጥር፣ በወረቀት ተጽፎ የኮምፒውተሩ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ።